አቦሉን ብቻ ቀምሳችሁ አትፍረዱ፦ የአሚኖ አሲድ ጥያቄና መልስ

ደሴ ቁጭ ብዬ ስለ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ ጡብ) ማጣራት፣ ማለትም አንዱን ከሌላው ለይቶ አይሶቶፑን (የአንድ ንጥረ ነገር ከባድና ቀላል ዓይነቶች) ስለ መለካት ጠይቁኝ ብል ጥያቄው ጎረፈ። የደረስኩበትን ያህል እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዓሣ ምን እንደሚበላ ለማወቅ አሚኖ አሲዱን ከመለየት ሥጋው እንዳለ ቢለካ ምን ነበረበት?

መልስ፦ ከሐይቅ የሚመጣውን ቆሮሶ ውሰድ። ናይትሮጅን 15ቱ (ከባዱ ናይትሮጅን) ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ ከምግቡ ይሁን ከሐይቁ ውሃ በምን ታውቃለህ? ግሉታሚክ አሲድ በተባለው አሚኖ አሲድ ውስጥ ናይትሮጅን 15ቱ በበላተኛው ላይ ከተበላው ይልቅ በሺህ ወደ 8 ገደማ ይጨምራል። ፊኒላላኒን በተባለው አሚኖ አሲድ ውስጥ ግን ብዙም ንቅንቅ አይልም። የሁለቱ ልዩነት ዓሣው በስንተኛው የበላተኛ ደረጃ ላይ እንዳለ ይነግርሃል።

ጥያቄ፦ ፕሮቲኑን በፈላ ውሃ መሰባበር አይቻልም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደሴ ላይ እኮ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው የሚፈላው! እኛ የምንፈልገው 110 ዲግሪ ነው። 6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በደንብ የታሸገ ብልቃጥ፣ 20 ሰዓት ወይም ትንሽ በላይ። ትሪፕቶፋን እዚያው ይጠፋል፤ ግሉታሚንም ወደ ግሉታሚክ አሲድ ይቀየራል።

ጥያቄ፦ አሚኖ አሲዶቹን ለመለየት ጋዝ ክሮማቶግራፊ (በጋዝ እየነዱ መለያ) እያለ ፈሳሽ ክሮማቶግራፊው (በፈሳሽ የሚነዳው) ለምን?

መልስ፦ ለጋዙ አሚኖ አሲዱ እንዲተን ሌላ ነገር ይለጠፍበታል። ልጣፊው የራሱን ካርቦን ይዞ ይመጣል። ፈሳሹ ይህን አይጠይቅም። ግን መስመሩ በቀጥታ ከአይሶቶፕ ማሽኑ ጋር ከተገናኘ አሴቶናይትራይል (ካርቦን ያለው ማሟሟያ) እንዳታስገባ፤ ማሽኑ የማሟሟያውንም ካርቦን አብሮ ያቃጥላል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ የፒኩ (አንድ አሚኖ አሲድ ሲወጣ መሣሪያው የሚስለው ጉብታ) ጅራት ጎረቤቱን ይነካል። ልቁረጠው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትነኪው! ከባዱና ቀላሉ አይሶቶፕ ከኮለሙ (ከመለያው ቱቦ) እኩል አይወጡም። የፒኩ ፊትና ጅራት የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። መሃሉን ብቻ ብትወስጂ ንጹሕ ነው፣ ቁጥሩ ግን ውሸት ነው። አቦሉን ብቻ ቀምሶ ስለ ጀበናው እንደ መፍረድ ነው፤ ቶናውም በረካውም ይግባ። ጎረቤቱን ማራቅ ከፈለግሽ የምታስገቢውን መጠን ቀንሺ፣ ፍሰቱንም አዘግዪ።

ከራሴ ልንገርሽ። አንዴ መብራት ሄዶ ፓምፑ መሃል ላይ ቆመ። ግማሽ ፊኒላላኒን ሰብስቤ ነበርና “ይበቃል” ብዬ ለካሁት። ደግነቱ ቁጥሩን የማውቀው ንጹሕ ፊኒላላኒን ነበር፤ ውጤቱ ፈቀቅ ብሎ አጋለጠኝ። ከዚያ ወዲህ ከናሙናው በፊት ሁሌ እሱን ነው የማሳልፈው።

ጥያቄ፦ ሙጫ የተቀባ የጥንት አጥንት ዕድሜስ?

መልስ፦ ሃይድሮክሲፕሮሊን የተባለውን አሚኖ አሲድ ለይተህ በራዲዮካርቦን (ከጊዜ ጋር በሚቀንሰው ካርቦን 14) ለካ። ኮላጅን (የአጥንት ዋና ፕሮቲን) ውስጥ ሞልቷል፣ ሌላ ቦታ ብርቅ ነው። ሙጫው ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የተሠራ ከሆነ ግን እሱም ኮላጅን ነው። ያኔ ኮለሙም አያድንህም።