ስልኩ መሃላችን ገባ

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከጅማ ነው። ፖለቲካው አንገሽግሾኛል፤ ማንንም አላምንም። ከፍቅረኛዬ ጋር እንኳ ቡና ስንጠጣ ሁለታችንም ስልካችን ላይ አቀርቅረን ነው፣ ሲኒው እስኪቀዘቅዝ። ሰሞኑን «ወንድ ሁሉ ያው ነው» የሚል ቪዲዮ ላከችልኝ። ተናድጄ እኔም ሴቶችን የሚሰድብ ላኩላት። ይኸው ተኮራርፈናል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ድካምህ ይገባኛል። ተስፋ የጣሉበት ነገር ሲከዳ ያማል፤ ግን የፖለቲከኞቹን ጥፋት እሷ ላይ አትጫን። ስለ ስልኩ አንድ ነገር ልንገርህ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ አስተያየትና ሼር የሚያስነሳውን ከፍ አድርጎ እንዲያሳይ ተቀይሯል፤ ሰውን ደግሞ ንዴት ቶሎ ያስጽፈዋል፣ ስለዚህ እሷ ጋ ወንድ የሚሰደብበት፣ አንተ ጋ ሴት የምትሰደብበት ይመጣና ሁለታችሁም «ሰው እንዲህ ሆኗል» ብላችሁ ታምናላችሁ። ቪዲዮውን የሠራው ሰው እናንተን አያውቃችሁም! እሷ ግን ምናልባት በአፏ ልትነግርህ ያቃታት ነገር ይኖራል። ጠይቃት፤ በቴሌግራም ሳይሆን በአካል። ቅዳሜ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አብራችሁ ውጡ፣ ስልኩ ቤት ይቅር። መጀመሪያ «የላኩልሽ ነገር ልክ አልነበረም፣ ይቅርታ» በላት። ከዚያ ሳታቋርጥ ስማት።