መልስ፦ የመስታወት ሥዕል መጀመሪያ ወረቀት ላይ ነው የሚሠራው?

ሰላም። «የቤተ ክርስቲያን መስኮት ላይ ያለውን ሥዕል ሠዓሊው ቀጥታ መስታወቱ ላይ ነው የሚስለው?» ብለህ ጠይቀሃል። አይደለም፤ መጀመሪያ ንድፍ አለው። ያውም ግዙፍ ንድፍ!

ኔዘርላንድስ፣ ጎዳ ከተማ ያለውን የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን እንውሰድ። በ1552 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በመብረቅ ተቃጠለ። ከዚያ ዲርክ እና ቮውተር ክራቤት የሚባሉ ወንድማማቾች ከ1555 እስከ 1571 ከመስኮቶቹ በርካታዎቹን ሠሩለት።

መጀመሪያ ትንሽ ንድፍ ለለጋሹ፣ ማለትም የመስኮቱን ወጪ ለሚከፍለው ሰው፣ ይታያል። ከተስማማ ያው ሥዕል በመስኮቱ ልክ ወረቀት ላይ ይሳላል። ባለቀለም መስታወቱ በዚያ ልክ ይቆረጣል። የፊት መስመር፣ የልብስ እጥፋት፣ ጥላው ሁሉ በጥቁር ቀለም ይገባበታል። ምድጃ ውስጥ ይተኮሳል፤ በመጨረሻም ቁርጥራጩ በእርሳስ ብረት ይያያዛል። ያ የሚያምረው ወርቃማ ቢጫ ደግሞ ከብር ነው የሚመጣው። የብር ውህድ ተቀብቶ እሳት ሲነካው መስታወቱ ራሱ ቢጫ ይሆናል።

እኔን በጣም የሚደንቀኝ ግን ወረቀቱ ነው። የትልልቆቹ መስኮቶች ቁመት ወደ 20 ሜትር ይጠጋል። ንድፎቹ በረጃጅም ወረቀቶች ላይ የተሳሉ ናቸው፤ ከ450 ዓመት በኋላም አሉ። ወረቀት እኮ ነው!

ለጋሾቹንም ልብ በል። አንዱን መስኮት ያኔ ኔዘርላንድስንም ይገዛ የነበረው የስፔኑ ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፕ ሰጠ። ሌላውን የሰጠው በኋላ ያመፀበት የኦራንዡ ዊልያም ነው። ሁለቱንም የነደፋቸው ዲርክ ነው፤ ዛሬም እዚያው አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው።