ልብ ወለድ እየጻፉ በአሜሪካ ማስተማር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቹ

(ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ የፈጠራ ጽሑፍ ለማስተማር ኤም ኤፍ ኤ (የሥነ ጥበብ ማስተርስ) ዲግሪ ይበቃል?

መልስ፦ ለማመልከት ይበቃል፤ ለመቀጠር ግን አይበቃም። የዘርፉ የመጨረሻ ዲግሪ ተደርጎ ስለሚቆጠር ዶክትሬት ግድ አይደለም። ቋሚ ቦታ የሚያስገኘው የታተመ መጽሐፍ ነው። አሜሪካዊውን ደራሲ ጆርጅ ሳውንደርስን እንይ። መጀመሪያ የተማረው የጂኦፊዚክስ ምህንድስና ነው። በ1988 ከሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ በፈጠራ ጽሑፍ ማስተርሱን ቢይዝም፣ ለዓመታት እንጀራው ሮቸስተር ከተማ ውስጥ ለኩባንያ ቴክኒካዊ ሪፖርት መጻፍ ነበር። የመጀመሪያው የአጭር ልብ ወለድ መድብሉ በ1996 ወጣ፤ በ1997 ሲራክዩስ ማስተማር ጀመረ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ቡከር የተባለውን የብሪታንያ የልብ ወለድ ሽልማት ያሸለመው የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለዱ የታተመው በ2017 ነው፤ 20 ዓመት ካስተማረ በኋላ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የኤም ኤፍ ኤ ፕሮግራም ውስጥ ለመግባት ምን ይጠየቃል?

መልስ፦ በየትኛውም ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤና ከ20 እስከ 30 ገጽ የሚሆን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ልብ ወለድ። ወሳኙ የመጨረሻው ነው። ከረጅም ሥራ መሐል ቆርጦ መላክ ያከስራል፤ መራጩ የፊቱን ስላላነበበ ገጸ ባሕርያቱ እነማን እንደሆኑ ሲፈልግ ገጹ ያልቅበታል። አንድ ያለቀለት አጭር ልብ ወለድ ይሻላል። ክፍያ ነጻ አድርጎ የኪስ ገንዘብ የሚሰጥ ፕሮግራም ካልተገኘ በብድር መግባትን አልመክርም።

ጥያቄ፦ ወርክሾፕ የሚሉት ምኑ ነው ትምህርቱ?

መልስ፦ 12 ያህል ተማሪ ጠረጴዛ ይከባል። የሁለት ተማሪ ሥራ ከሳምንት በፊት ታድሎ፣ ሁሉም ዳር ዳሩን አስተያየት ጽፎበት ይመጣል። በቆየው ልማድ ደራሲው ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ዛሬ ይህን የተዉ መምህራን አሉ። የሚበላሸው ተማሪዎቹ «እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር» ማለት ሲጀምሩ ነው። ያኔ እንግዳ የሆነው አንቀጽ፣ ምናልባትም ምርጡ፣ ተቆርጦ ይወጣል። ጥሩ መምህር «የቱ ገጽ ላይ ሰለቸህ? ከዚያ በፊት ያለው ዐረፍተ ነገር ምን ቃል ገብቶልህ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል።

የመምህሩንም ሸክም አስሉት፦ 12 ተማሪ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሥራ፣ በ20 ገጽ ቢባል በሴሚስተር 480 ገጽ። ሁለት ክፍል ካለው 960። የራሱ ልብ ወለድ ለክረምት የሚያድረው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ አሳታሚ ለደራሲው 40,000 ዶላር ቅድመ ክፍያ ከሰጠው ማስተማሩ ለምን?

መልስ፦ እንቁጠረው። ሥራውን ለአሳታሚ የሚሸጥለት ወኪሉ 15 በመቶ፣ ማለትም 6,000 ይወስዳል፤ 34,000 ይቀራል። እሱም በአንድ ጊዜ አይመጣም። በአራት ከተከፈለ ሲፈረም፣ ረቂቁ ተቀባይነት ሲያገኝ፣ ሲታተምና ዘግየት ብሎ 8,500፣ 8,500 ይደርሰዋል፤ ግብሩንም ራሱ ነው የሚከፍለው። ሁለት ሦስት ዓመት ላይ ሲበተን የቤት ኪራይ አይሸፍንም።

ተጨማሪ ሮያሊቲ (ከተሸጠው ቅጂ ዋጋ ለደራሲው የሚደርሰው ድርሻ) የሚታሰበው ቅድመ ክፍያው በሽያጭ ከተካካሰ በኋላ ነው። በተለመደው ውል ለጠንካራ ሽፋን መጽሐፍ የመጀመሪያው 5,000 ቅጂ 10 በመቶ፣ ቀጣዩ 5,000 12.5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 15 በመቶ ነው። ዋጋው 28 ዶላር ቢሆን 40,000ውን ለማካካስ 12,000 ቅጂ ገደማ መሸጥ አለበት። መጽሐፉ ባይሸጥ ቅድመ ክፍያው አይመለስም፤ ረቂቁን ካላስረከበ ግን ሊጠየቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከእኛ ሰው በዚህ መንገድ የሄደ አለ?

መልስ፦ አለ። አዲስ አበባ የተወለደው ዲናው መንግሥቱ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ኤም ኤፍ ኤ ተምሮ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በ2007 አሳተመ፣ በ2012 የማክአርተር ሽልማት አገኘ፣ ባርድ ኮሌጅም ያስተምራል። በ2020 ለቡከር የመጨረሻ እጩ የነበረችው መዓዛ መንግሥቴም ኤም ኤፍ ኤዋን የያዘችው ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እሷም መምህርት ናት።

ጥያቄ፦ በኮርስ እየተከፈለኝ ማስተማር ብጀምርስ?

መልስ፦ ለልምድ አንድ ሁለት ሴሚስተር ይሁን። ክፍያው በየኮርሱ ጥቂት ሺህ ዶላር ነው፤ የጤና መድን ብዙ ጊዜ የለውም፣ ውሉም በየሴሚስተሩ ይታደሳል። ከመፈረማችሁ በፊት የተመዝጋቢው ቁጥር ካልሞላ ኮርሱ ይሰረዝ እንደሆነ ጠይቁ።