የጋሪ ፈረስህ ከሳ? ከመኖው በፊት አፉን እይ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። የጋሪ ፈረሴ ጠዋትና ማታ ፉርሽካ ይበላል፣ የጤፍ ጭድም አይጎድልበትም፣ ግን ጎድኑ መቆጠር ጀመረ፤ ገብስ ልጨምርለት ወይስ አተላ ብለሃል። እኔም ጋሪ አሠርቼ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ፈረስ አመጋገብ የተጠናውንም ሳገኝ አነባለሁ። ለጊዜው ምንም አትጨምር። መጀመሪያ አፉንና ፋንድያውን እይ።

ሲበላ አጠገቡ ቁም። ጭዱን ሲያላምጥ ቆይቶ ይጥለዋል? ግርግሙ ሥር እንደ እርጥብ ገመድ የተጠቀለለ ጭድ ካገኘህ ነገሩ ጥርስ ነው። የፈረስ መንጋጋ ጥርስ ጠርዙ እየሾለ ይሄዳል። የላይኛው ጉንጩን፣ የታችኛው ምላሱን ይቆርጠዋል። ፋንድያውንም በእንጨት በተን በተን አድርገው። ረጃጅም የጭድ ስንጣሪ ወይም ያልተነካ የእህል ፍሬ ከወጣ፣ የገዛኸው መኖ እንዳለ እያለፈ ነው። ሐኪም ጥርሱን ይሞርድለት፤ በዚያው የትል መድኃኒት በክብደቱ ልክ ይስጠው። ወደ ቢሾፍቱ ከቀረብክ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያ ነው።

ክብደቱን ለማወቅ ሚዛን አያሻህም። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከፊት እግሩ ኋላ የደረቱን ዙሪያ፣ ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ርዝመቱን በሴንቲሜትር ለካ። የደረቱን ቁጥር በራሱ አባዛ፣ በርዝመቱ አባዛ፣ ለ11,880 አካፍል። ደረቱ 145፣ ርዝመቱ 135 ቢሆን ወደ 239 ኪሎ ይመጣል። ግምት ነው፤ ግን ለመኖም ለመድኃኒትም ይረዳል።

አሁን ወደ ፉርሽካው። ባለጋሪ ሁሉ ይወደዋል፣ ፈረሱም ይወደዋል። ችግሩ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ አሥር እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ፈረስ ደግሞ ካልሲየሙ ቢያንስ ከፎስፈረሱ እኩል፣ ቢቻል በልጦ እንዲገኝለት ይፈልጋል። ካላገኘ ከገዛ አጥንቱ ይበደራል። አንድ ባለጋሪ ጎረቤቴ ፉርሽካ በርካሽ ስለሚያገኝ ዳማ ፈረሱን በእሱ ብቻ ነበር የሚያቆየው። ፈረሱ ዛሬ በዚህ እግር፣ ነገ በዚያ እግር ማነከስ ጀመረ። ሰኮናውን ደጋግሞ አስፈተሸ፤ ምንም የለም። ኋላ ላይ ከዓይኑ በታች በግራም በቀኝም ፊቱ አበጠ። በሌላው ዓለም ይህ የወፍጮ ቤት ፈረሶች በሽታ ተብሎ የታወቀ ነው፤ ፈረሶቹ የሚበሉት የወፍጮ ትርፍ ፉርሽካ ነበርና።

ስለዚህ ፉርሽካውን ቀንስ። ሙሉ በሙሉ መተው ካልቻልክ ለአንድ ኪሎ ከ30 እስከ 40 ግራም መኖ ሻጮች ላይምስቶን የሚሉትን ዱቄት ቀላቅልበት። አደራ፣ ለግንባታ የሚሸጠው ኖራ አይደለም! አልፋልፋ የምታገኝ ከሆነ ደግሞ እሰየው፤ ካልሲየምም ፕሮቲንም አለው።

ዋናው ምግብ ግን ገፈራው፣ ማለት እህሉና ፉርሽካው፣ ሳይሆን ድርቆሹ ነው። ሠራተኛ ፈረስ በቀን ከክብደቱ ከ2 እስከ 2.5 በመቶ ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ለ239 ኪሎው ፈረስ ወደ 5 ወይም 6 ኪሎ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 4 ኪሎው ድርቆሽና ጭድ ይሁን። ጭድ ብቻውን ግን ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አያመጣም፤ ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው። ግማሹን በድርቆሽ ተካው፣ የኑግ ፋጉሎ ሁለት ጭብጥ ጣል አድርግበት።

ሌላው ጣጣ ሰዓት ነው። የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ናት፤ አሲዷን ቀኑን ሙሉ ታመነጫለች። አሲዱን የሚያበርደው ምራቁ ደግሞ የሚወጣው ሲያኝክ ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ድርቆሽ ወደ 40 ደቂቃ ያስኘክከዋል፣ አንድ ኪሎ እህል 10 ደቂቃ ገደማ። ከጠዋት እስከ ማታ ልጓም አስረኸው ከዋልክ ማታ የምትከምርለት ሁሉ አያካክሰውም። ተሳፋሪ እስኪሞላ ስትጠብቅ ልጓሙን አውልቅና ድርቆሽ በኬሻ አንጠልጥልለት።

ገብስ አትስጥ አላልኩም። ተከክቶ፣ በአንድ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ ሳይበልጥ፣ በ10 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ። ብዙ ገብስ ባንዴ ከሆነ ስታርቹ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና ቁርጠት ያስነሣል። ፈረስ ደግሞ ማስመለስ አይችልም። አተላን ለሚደልበው በሬ ተወው።

ከዶሮ መኖ ግን ራቅ። የርካሽ ነገር ብለው የሚሰጡ አሉ። አንዳንዱ ውስጥ ሞኔንሲን የሚባል መድኃኒት ይገባል፤ ዶሮን ይጠቅማል፣ ፈረስን ግን ልቡን መትቶ ይገድላል።

አሞሌ ጨው እንዲልስ ስቀልለት፤ ላብ ጨው ይወስዳል። ውሃም በቀን 20 ሊትር ትንሹ ነው፤ በበጋ እጥፉን ሊጠጣ ይችላል። ላብ ላይ ያለ ፈረስ አይጠጣም የሚሉህን አትስማ፤ ይጠጣ።

ጥርሱን ካሳየህ በኋላ ከጎኑና ከኋላው ፎቶ አንሥተህ ለጥፍልን። ስንት ሰዓት እንደሚሠራም ጻፍ፤ መጠኑን አብረን እናስተካክላለን።