አዲሱ ቱርቦም ከጮኸ ዘይቱን ጠርጥር

ከደሴ የተላከ ጥያቄ ነው፦ «ባለ 3.0 ሊትር ናፍጣ ሃይሉክስ አለኝ። ቱርቦው አልቋል ተብሎ በአዲስ ተቀየረ። ወራት ሳይቆይ አዲሱም ማፏጨት ጀመረ። ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፣ ጠዋት ሳስነሳው ሰማያዊ ጭስ ይለቃል። ሌላ ልግዛ?»

ቆይ፣ አትግዛ። ሁለት ቱርቦ ተከታትሎ ሲበላሽ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከቱርቦው አይደለም። እኔ የምጠረጥረው ዘይት በደንብ አይደርሰውም ብዬ ነው። ያንተ ሞተር 1ኬዲ (1KD) የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ከሆነ የታወቀ አመል አለበት። ናፍጣ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ሥር ያሉት የመዳብ ሮንዴላዎች (ማሸጊያ ቀለበቶች) ሲያሳልፉ የቃጠሎው ጋዝ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ጥላሸቱ ተጠራቅሞ ፓምፑ ዘይት የሚስብበትን ወንፊት ይደፍናል።

ይህችን ነገር ሳላስረዳ አላልፍም። ቱርቦ ማለት አንድ ዘንግና ሁለት ክንፍ ነው። አንዱን ክንፍ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ያሽከረክረዋል፤ ሌላው አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ይነዳል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይደርሳል። በዚህ ፍጥነት ብረት ብረትን ቢነካ ወዲያው ይበላላል። ስለዚህ ዘንጉ ቡሺንጉ (ዘንጉን የሚይዘው ቀለበት) ላይ አያርፍም፤ ስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፎ ነው የሚዞረው። ያው ዘይት ሙቀቱንም ይዞለት ይወርዳል። ዘይቱ ሲያንስ ቡሺንጉ ይፋቃል፣ ዘንጉ ይላላል፣ ክንፉ ቤቱን ይልሳል። ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦው ይበልጥ መዞር አለበት።

ሞተሩ ሲበርድ የአየር ቱቦውን አውልቅና ዘንጉን በጣትህ ነቅንቀው። ጥቂት የጎን ንቅናቄ ችግር የለውም። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከሄደ ወይም ክንፉ ቤቱን ከነካ ግን አልቋል። አደራ፣ ቱቦው ወልቆ ሞተሩን አታስነሳ፤ እጅም ጨርቅም ወደ ቱርቦው አፍ አታስጠጋ።

ቀጥሎ የዘይት መመለሻውን ፍታ። እዚህ ጋ ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መሃል የሚገባውን ማሸጊያ) መግዛት ሰስተው ሲሊኮን የሚለጥፉ አሉ! ትርፉ ወደ ውስጥ ተጨምቆ ቀዳዳውን ይዘጋል፤ መውረጃ ያጣው ዘይት በዘንጉ ማሸጊያ (ሲል) አልፎ ይቃጠላል። ሰማያዊ ጭስህ ከዚህም ሊሆን ይችላል። ሚዛኑ ያልተስተካከለ ርካሽ ቱርቦ ከገጠሙልህማ የባሰ ነው።

ከዚያ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ቋት አውርደህ ወንፊቱን እጠብ። ሮንዴላዎቹን በኦሪጅናል ቀይር። ወደ ቱርቦው የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ አሮጌውን አትመልስ። ዘይትና ፊልትሮ አዲስ ይሁን። ቱርቦውን ዘይት አጠጣው፣ ናፍጣው እንዳይገባ አድርገህ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ሞተሩን አሽከርክር።

እስከዚያ መኪናውን አትንዳ። ናፍጣ ሞተር ከቱርቦው የሚገባለትን ዘይት ማቃጠል ከጀመረ ቁልፉን ብታጠፋም ላይቆም ይችላል። ማኑዋል ከሆነ ፍሬኑን አጥብቀህ ይዘህ በከፍተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ልቀቅ፤ ይታፈናል። በእጅህ አየሩን ልዝጋ ግን እንዳትል።