የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ወደ ማሳይ ማራ

ጥያቄ፦ ባለቤቴና እኔ ሦስቱን ልጆቻችንን፣ እንዲሁም ሰባ ዓመት የሞላቸውን እናቴን ይዘን በመጪው ነሐሴ ኬንያ ሄደን የዱር አራዊት ለማየት አስበናል። የልጆቹ ዕድሜ 13፣ 9 እና 5 ነው። አንድ አስጎብኚ ድርጅት በስድስት ሌሊት ውስጥ አምቦሴሊን፣ ናኩሩንና ማሳይ ማራን በመኪና የሚያዳርስ መርሐ ግብር ልኮልናል። ይህ ለልጆች ይመቻል? ምን ምን ይዘን እንሂድ? እናቴ ፍልሰታን ስለሚጾሙ የምግቡም ነገር አሳስቦኛል።
የሦስት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ስለ ሻንጣው ከመነጋገራችን በፊት መርሐ ግብሩን እንድናይ ይፍቀዱልኝ፤ የሚይዙትን ዕቃ የሚወስነው የሚሄዱበት መንገድ ነውና። አምቦሴሊ ከናይሮቢ በስተ ደቡብ በታንዛኒያ ድንበር አጠገብ፣ ማሳይ ማራ ደግሞ በስተ ምዕራብ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ መኪና በአብዛኛው ተመልሶ በናይሮቢ በኩል ማለፍ ስላለበት ያ ቀን ከንጋት እስከ ምሽት በመንገድ ላይ ያልቃል። በተላከልዎት መርሐ ግብር ውስጥ እንዲህ ያለ ቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይመጣል ማለት ነው። ልጆች አንበሳ ለማየት አይሰለቹም፤ የሚሰለቹት አንበሳው እስኪገኝ ድረስ መቀመጥ ነው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ቤተሰቤን ይዤ በአምስት ቀን ሦስት ፓርክ ለማዳረስ ስሮጥ፣ አቦሸማኔዋ ከመኪናችን አሥር ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ግልገሎቿን ስታጠባ ትንሹ ልጄ አፉን ከፍቶ ተኝቶ ነበር። ቀስቅሼው ሲያለቅስ አቦሸማኔዋ ተነሥታ ሄደች።

ስለዚህ አምቦሴሊን ይተዉት ብዬ በድፍረት እመክራለሁ። ከዝሆኖቹ መንጋ በስተጀርባ 5,895 ሜትር ከፍታ ያለው ኪሊማንጃሮ የሚታይበት ድንቅ ቦታ መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም ሌላ ጊዜ ለብቻው ቢሄዱበት ይሻላል። በምትኩ ሁለት ሌሊት ናይቫሻ ሐይቅ ዳር፣ አራት ሌሊት ማራ ይደሩ። ናይቫሻ ከናይሮቢ ዘጠና ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ ወደ ማራ ሲጓዙም ብዙ ከመንገድ አያስወጣም። ልጆቹ በጀልባ ሆነው ጉማሬ ያያሉ፤ ክሬሰንት አይላንድ በተባለው ስፍራ ደግሞ አንበሳ ስለሌለ ቀጭኔና የሜዳ አህያ ባሉበት መካከል በእግራቸው መራመድ ይችላሉ። በማራ ከመኪና መውረድ ክልክል መሆኑን ሲያስቡ እግራቸውን የሚያፍታቱበት ይህ ቀን ምን ያህል እንደሚጠቅም ይገባዎታል። አውራሪስ ማየት ካማራቸው ናኩሩ ከዚያው በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነው።

የነሐሴ ምርጫዎ ጥሩ ነው። ዋይልድቢስት የሚባለው የእኛ ቆርኬ ዘመድ በታንዛኒያ ካለው ሴሬንጌቲ ተነሥቶ በብዙ መቶ ሺዎች እየሆነ የማራን ወንዝ የሚሻገረው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ይህም ከልጆቻችን የክረምት ዕረፍት ጋር ይገጥማል። ነገር ግን ወቅቱ ውድ ነው። ማሳይ ማራን የሚያስተዳድረው የናሮክ ካውንቲ ከእ.ኤ.አ. 2024 ወዲህ የውጭ አገር ጎብኚን ከጁላይ እስከ ዲሴምበር በቀን 200 ዶላር ያስከፍላል፤ ከጃንዋሪ እስከ ጁን ግን 100 ዶላር ነው። ከ9 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ 50 ዶላር ሲሆን ከዚያ በታች ያለ በነፃ ይገባል። አገራችን የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች የአባል አገሮቹ ቅናሽ አይመለከተንም። በእርስዎ ቤተሰብ ሲሰላ ሦስት ዐዋቂዎችና ሁለት ከፋይ ልጆች በቀን 700 ዶላር ይመጣል፤ ትኬቱም የሚያገለግለው ለአሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። አስጎብኚው የጠራልዎት ዋጋ ይህን መግቢያ የሚጨምር መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ያስረግጡ። በመቀጠልም መኪናው ለእናንተ ብቻ መሆኑን፣ ጣሪያው ወደ ላይ የሚነሣ ላንድክሩዘር መሆኑንና ለእያንዳንዱ ሰው መስኮት መኖሩን ይጠይቁ። ከማያውቁት መንገደኛ ጋር መኪና የተጋራ ቤተሰብ ልጁ ሽንቱ በመጣ ቁጥር ይሳቀቃል።

አሁን ወደ ጤናው ልለፍ፤ እዚህ ላይ ከልጆቹ ይልቅ በመጀመሪያ ያሳሰቡኝ እናትዎ ናቸው። ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት። ቀደም ሲል የተከተቡ ከሆነ ካርዱን ብቻ ይፈልጉ፤ ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ አንድ ጊዜ የተሰጠ ክትባት ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ነገር ግን እናትዎ ተከትበው የማያውቁ ከሆነ በቀጥታ ወደ ክትባት ጣቢያ አይውሰዷቸው። ከስልሳ ዓመት በላይ ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተቡ ሰዎች ለከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ያላቸው ተጋላጭነት ከወጣቶች ስለሚበልጥ፣ መከተብ አለመከተባቸውን የሚያመዛዝነው ሐኪማቸው ነው፤ ክትባቱ አይስማማቸውም ካለም በይፋ ማስረጃ ሊጽፍላቸው ይችላል።

ማራ ወባ አለበት፤ አዲስ አበባ ያደገ ልጅም ደጋ ያደገ ነውና ወባን የሚቋቋምበት አቅም የለውም። ከጉዞው አንድ ወር ቀደም ብለው ልጆቹን ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው፤ የመከላከያው መጠን በክብደት ስለሚለካ ለታላቁ የታዘዘውን ቆርሶ ለታናሹ መስጠት አይገባም። ዶክሲሳይክሊን የተባለው መድኃኒት ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ በመከላከያነት እንደማይመከርም ይወቁት። መድኃኒቱን ከተመለሱ በኋላ እስከታዘዘው ቀን ድረስ መጨረስ ግዴታ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከተመለሱ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን ልጅ ቢያተኩሰው «ጉንፋን ነው» ብለው አይቆዩ፤ በዚያው ቀን የደም ምርመራ ያስደርጉለት።

ሻንጣን በተመለከተ ደንቡ አጭር ነው፦ ለአንድ ሰው አንድ የጨርቅ ሻንጣ። በመኪና ስለምትሄዱ ማንም አይመዝንባችሁም፤ ይሁን እንጂ ስድስት ሰው የጫነ ላንድክሩዘር ከኋላው የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው፤ ጎማ ያለው ደረቅ ሻንጣ ደግሞ አይተጣጠፍም። ምናልባት አሳብዎን ለውጠው ከናይሮቢው ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ በትንሽ አውሮፕላን ለመብረር ቢወስኑ ገደቡ የእጅ ቦርሳን ጨምሮ አብዛኛውን ጊዜ 15 ኪሎ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ሄጄ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እያየኝ ሻንጣዬን መሬት ላይ ዘርግፌ ግማሹን ለማላውቀው ሰው አደራ ሰጥቻለሁ።

ሻንጣውን ሲያሰናዱ በቅድሚያ ፌስታሉን ሁሉ ያውጡ። ኬንያ ከእ.ኤ.አ. ነሐሴ 2017 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፤ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። እኛ ደግሞ ጫማውን በፌስታል፣ ሳሙናውን በፌስታል፣ ቆሎውን በፌስታል መቋጠር ልማዳችን ነው። በምትኩ ከጨርቅ የተሰፉ ትናንሽ ከረጢቶች ይያዙ። አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት የፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስም ከእ.ኤ.አ. ጁን 2020 ወዲህ በፓርኮቹ ውስጥ ስለተከለከለ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሞላ ኮዳ ያስፈልጋል።

ለልብስ ብለው ገበያ አይውጡ። የሳፋሪ ልብስ እየተባለ በውድ የሚሸጠው ሁሉ ቤትዎ ካለው የጥጥ ሱሪና እጅጌ ሙሉ ሸሚዝ የሚበልጥበት ነገር የለም። ለአንድ ሰው ሦስት ሱሪና አራት ሸሚዝ ይበቃል፤ ሎጆቹ በአብዛኛው ልብስ ያጥባሉ፤ የውስጥ ልብስ የማይቀበሉ ግን ብዙ ስለሆኑ ጥቂት የዱቄት ሳሙና ይያዙ። ቀለሙ አፈርማ ወይም ሣር የመሰለ ይሁን። ጥቁርና ሰማያዊ ገንዲ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፈውን ጸጸ ዝንብ ይጠራል፤ ነጭ ደግሞ በአቧራው ግማሽ ቀን አይቆይም። ዝንጉርጉር የወታደር ልብስ ለልጅም ቢሆን ፈጽሞ አይያዙ፤ በኬንያ ሲቪል ሰው እንዲህ ዓይነት ልብስ መልበሱ ከፖሊስ ጋር ሊያነጋግረው ይችላል።

ብዙ ሰው የሚዘናጋው ብርዱን ነው። አፍሪካ በረሃ ነው ብሎ በቲሸርት የመጣ እንግዳ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ማራ ደጋ ቀመስ ነው፤ ጣሪያው ተከፍቶ ገና ጎህ ሲቀድ ስትጓዙ ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ሹራብና ንፋስ የማያስገባ ጃኬት ለሁሉም ይያዙ፤ ከዚያ ሌላ ቤት ውስጥ የኖረ ያረጀ ጋቢ አንድ ይጨምሩ። ጠዋት የእናትዎን ጉልበት ያሞቃል፣ እኩለ ቀን ላይ በመስኮቱ ላይ ተጋርዶ ፀሐይ ይከላከላል፣ ከሰዓት በኋላ ትንሹ ልጅ ይተኛበታል። በሦስተኛው ቀን ቀይ አፈር ለብሶ ጋቢ መሆኑ እስኪያጠራጥር ይደርሳልና አዲሱን አይያዙ።

የሩቅ ማያ መነጽር ለሁለቱ ታላላቆች ለየብቻቸው ይኑራቸው፤ ካልሆነ ጎሹ ሄዶ የሚቀረው ጠባቸው ነው። 8 በ42 የሚባለው ለዐዋቂ፣ 8 በ32 የሚባለው ቀለል ስለሚል ለልጅ ይስማማል። ለትንሹ ክዳን ያለው ፖፖ ይያዙ፤ ስቀው እንደማያልፉት ተስፋ አደርጋለሁ። የኬንያ ሶኬት የእንግሊዞቹ ዓይነት ሦስት ጠፍጣፋ እግር የሚቀበል ስለሆነ የእኛ ቻርጀር ያለ አዳፕተር አይገባም። ድሮን ግን ቤት ይቅር፤ ያለ ልዩ ፈቃድ አይፈቀድም።

የእናትዎ ጾም ከገመቱት በላይ ቀላል ነው። ለሎጁ «ቪጋን» ብለው አስቀድመው ያስመዝግቡ፤ ሆኖም በቃሉ ብቻ ሳይተማመኑ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ዓሣ እንደማይነኩ ዘርዝረው ይጻፉ። በቆሎና ቦሎቄ አብሮ የሚቀቀልበት ጊተሪ፣ ጎመኑ ሱኩማ ዊኪ፣ ገንፎ መሰሉ ኡጋሊና ምስሩ የአገሩ የዘወትር ምግብ ነው። ለጠዋቱ ጉዞ ግን የሚሰጠው የቁርስ ሣጥን እንቁላልና ሳንድዊች ስለሚሆን በሶና ዳቦ ቆሎ ከቤት ይያዙ። መኪናው ቆሞ መስኮቱ ክፍት ሲሆን ቆሎውን በእጅ ይዞ መቀመጥ አይገባም፤ በፓርኩ በር ላይ ያሉት ጦጣዎች ከልጅ እጅ መንጠቅ ተክነውበታል።

አንድ የሚያስደስት ነገር ልጨምር። ሹፌራችሁ በስዋሂሊ «ሳ ኩሚ ና ምቢሊ» ካለ አሥራ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው፤ እነርሱም እንደ እኛ ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ነውና እናትዎ ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ። በወረቀት የተጻፈው ግን በፈረንጆቹ አቆጣጠር 6፡00 ይሆናል፤ ቀኑንም እንዲሁ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው ያመሳክሩ።

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላቸውን የ7 እና የ10 ዓመት ልጆቼን ይዤ አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት ቆይተን ለአምስት ቀን ኬንያ ደርሰን ልንመለስ ነው። ምን ወረቀት ያስፈልገናል?

መልስ፦ ኬንያ ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ቪዛን ትታ የጉዞ ፈቃድ በኢንተርኔት አስቀድሞ እንዲሞላ ስለምትጠይቅ ለእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻ ያመልክቱ። ወደ ኬንያ የምትገቡት ከኢትዮጵያ በመሆኑ የቢጫ ወባ ካርድ ትጠየቃላችሁ፤ በአሜሪካ ክትባቱ በተፈቀደላቸው ክሊኒኮች ብቻ ስለሚሰጥ ቀጠሮውን ቀደም ብለው ይያዙ። የሚረሳው ግን የመልሱ ጉዞ ነው፦ ከኬንያ ወደ አዲስ አበባ ስትመለሱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባው የኢትዮጵያ ቪዛ አብቅቷልና ብዙ ጊዜ የሚያስገባውን ይጠይቁ፤ ወይም ለልጆቹ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያውጡላቸው። ያንንም ሰው «ቢጫ ካርድ» ስለሚለው ከክትባቱ ካርድ ጋር እንዳያምታቱት፤ ሁለቱም ያስፈልጉ ይሆናል። አባታቸው አብሯችሁ የማይጓዝ ከሆነም የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ከእጅ ቦርሳዎ አይለይ።

ጥያቄ፦ የኬንያው ወጪ አይቻለንም። ልጆቻችንን አገር ውስጥ የት እንውሰዳቸው?
የሁለት ልጆች አባት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ለእርስዎ አዋሽ ፓርክ ቅርብ ነው፤ ማልደው ቢወጡ ጠዋቱን ሳላ ሲግጥ ታያላችሁ። እኔ ግን ጥቂት ብር አጠራቅመው ባሌን እንዲያሳዩአቸው እመርጣለሁ። ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም አይገኙም፤ ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አጋዘኑን ዲንሾ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አካባቢ በእግር እየሄዱ ያዩታል፤ ቀይ ቀበሮውን ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው ሳነቴ ላይ ይፈልጉታል። ከአዳማ ሙቀት የተነሡ ልጆች በዚያ ከፍታ ራስ ምታት ሊይዛቸው ስለሚችል በመጀመሪያው ቀን ዲንሾ ይደሩ፣ ሳነቴ ላይም አያስሩጧቸው። ከኅዳር እስከ ጥር ብትሄዱ ሰማዩ ይጠራል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ስለሚጥል ለእያንዳንዱ ልጅ የእግርና የእጅ ሹራብ፣ እንዲሁም ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ ያስፈልጋል።