አባ ሳሙኤልና የአቃቂ ወንዝ

«አባ ሳሙኤል እውነት መብራት ያመነጭ ነበር ወይስ የሰፈር ወሬ ነው?» ላልከው፣ እውነት ነው ወንድሜ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ የጣሊያን ወረራ ዘመን ሥራ ነው፤ ትልቁና ትንሹ አቃቂ የሚገናኙበት ላይ። ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከርሞ፣ ቻይናዎች አድሰውት በ2009 ዓ.ም. እንደገና ሥራ ጀመረ። አቅሙ 6.6 ሜጋዋት ነው፤ ከዛሬዎቹ ግድቦች አንጻር ኢምንት ናት።

ወንዙን ግን አታንሳብኝ። እናቴ ድሮ ጋቢ ታጥብበት እንደነበር ስትነግረን አናምናትም ነበር። እኛ የደረስንበት አቃቂ ቀለሙ እንደ ቀኑ ነው፤ አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ቀይ። ከፋብሪካ የሚለቀቅ ነዋ። ድልድዩን አፍንጫችንን ይዘን በሩጫ ነበር የምንሻገረው። ዳሩ ላይ ግን ቆስጣው እንዴት ያምር ነበር መሰለህ! የጠጣውን ውሃ ስለምናውቅ እኛ ቤት አይገባም።